ምርጡን የልብ ሐኪም ዲን ማድረግ ያዋጣል?

የታቦር_ሬዚደንት (ሐዋሳ)

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። እዚህ ሐዋሳ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የምማር ሐኪም) ነኝ። ሰሞኑን ከራውንድ (ታካሚዎችን ዞረን ካየን) በኋላ አንድ ክርክር አላስወጣ ብሎናል። ጎበዝ ሐኪምን ከታካሚው አንስቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ልክ ነው ወይ? ሁሉም የሚያውቀውን ኃላፊ እየጠራ ሲጨቃጨቅ ነገሩ ሐሜት ሆነ። ስለዚህ ማናችንም ቂም የማንይዝበት ሰው ይዤ መጣሁ። ቦንጋኒ ማዮሲ። ደቡብ አፍሪካዊ የልብ ሐኪም፣ ተመራማሪ፣ በመጨረሻም የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ፋኩልቲ ዲን።

ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በጃንዋሪ 1967 ትራንስካይ ተወለደ፤ አፓርታይድ ጥቁሮችን ካጎረባቸው ክልሎች አንዱ ነው። አባቱም ሐኪም ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃን በ15 ዓመቱ ጨረሰ። ሕክምና ናታል ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ስፔሻሊቲውን ኬፕታውን ሠራ፣ ከዚያ ኦክስፎርድ ሄዶ ዶክትሬቱን ያዘ። እዚያው መቅረት ይችል ነበር፤ ተመለሰ። በ2006 የሕክምና ዲፓርትመንቱ ኃላፊ ሆነ። ገና 40 አልሞላውም። ያንን ቦታ የያዘ የመጀመሪያው ጥቁርም እሱ ነው።

እኔን ግን ሲቪው አይደለም የገረመኝ። የመረጠው በሽታ ነው። የሩማቲክ የልብ በሽታ። "ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል" የምንለው ነገር አንዳንድ ልጆች ላይ አይተዋቸውም። ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሳው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የልብ ቫልቭን ይመታል። ሀብታም ሀገሮች ውስጥ በሽታው የጠፋ ያህል ነው። ስለዚህ ገንዘቡም፣ ትልልቁ መጽሔትም፣ አዲሱ መድኃኒትም ወደዚያ አይሄድም። የደም ቧንቧ መጥበብን ቢመርጥ የትም ይጋበዝ ነበር።

ማዮሲ መጀመሪያ መቁጠር ፈለገ። ሬሜዲ የተባለው መዝገብ ከ2010 እስከ 2012 በ12 የአፍሪካ ሀገሮች፣ በሕንድና በየመን በሚገኙ 25 ሆስፒታሎች 3343 ታማሚዎችን መዘገበ። ኢትዮጵያም አለችበት። የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 28 ዓመት ነው። ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 17 በመቶው ሞቱ። እኛ ዎርድ ለሚውል ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። አልጋው ላይ የምታገኛት የምትድር፣ የምትወልድ፣ ሱቅ የምትጠብቅ ልጅ ናት። ግን "እኛ ጋ ብዙ ነው" ማለትና ሕዝብ ፊት ቁጥር ማስቀመጥ ይለያያል።

በሴፕቴምበር 2016 ዲን አደረጉት። ጊዜው ደቡብ አፍሪካ በተማሪዎች የክፍያ ተቃውሞ የምትናጥበት ነበር። በሳምንታት ውስጥ ቢሮው በተማሪዎች ተያዘ። በአንድ በኩል ጥቁር ዲን ስለሆነ ከእኛ ጋር ይቆማል ያሉ ተማሪዎች፣ በሌላ በኩል ትምህርቱ መቀጠል አለበት የሚል አስተዳደር። መሐል ላይ እሱ። በጁላይ 2018 በ51 ዓመቱ አረፈ። ሁለት ዓመት ከድባቴ ጋር ሲታገል እንደቆየና ሕይወቱ በራሱ እጅ እንዳለፈ ቤተሰቡ በይፋ ተናገረ።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ እንዲህ ያለን ሰው ዲን ማድረግ ብክነት ነው። እስቲ ተከራከሩኝ።

የአቶቴ_ልጅ

ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬ የመጀመሪያውን የልብ ንቅለ ተከላ የሠራው ነው አይደል? ኬፕታውን ስትል ትዝ አለኝ። ጥያቄና መልስ ላይ አይጠፋም ነበር።

የታቦር_ሬዚደንት

አይደለም፣ ያ ክርስቲያን ባርናርድ ነው። ዲሴምበር 3፣ 1967፣ ግሩት ስኩር ሆስፒታል። ማዮሲ በኋላ የሠራው እዚያው ሆስፒታል ነው፣ ያኔ ግን የ10 ወር ሕፃን ነበር። ደግሞ ባርናርድ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ማዮሲ ቢላ አይዝም።

ስታነሳው ግን ለክርክራችን ይጠቅማል። የባርናርድ የመጀመሪያ ታካሚ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 18 ቀን ኖረ፣ ዓለም ሁሉ ስሙን ያዘው። በሽታው እንዳይመለስ የፔኒሲሊን መርፌውን በወቅቱ ተወግቶ ቫልቩ የተረፈለትን ልጅ ማንም መጥቶ ፎቶ አያነሳውም።

የአቶቴ_ልጅ

ገባኝ። እንግዲህ ሰውየው "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ሆኖበታል በለኛ።

ሲስተር_ዘ

አቶቴ፣ ነገርህ አላማረኝም። በዚህ ሁኔታ ስላረፈ ሰው ተረት አይተረትም። ልጆችና ሚስት ያለው ሰው ነው።

የአቶቴ_ልጅ

እሺ ሲስተር፣ ይቅርታ። በክፋት አይደለም።

ጡረተኛው_መምህር

ልጄ ታቦር፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል። መደምደሚያህን ግን አልቀበለውም።

3343 ሰው ራሱን መጥቶ አልቆጠረም። የሚፈርም፣ የሚቀጥር፣ ሬዚደንቱን "ዛሬ ዎርድ አትግባ፣ መዝገቡን ሥራ" የሚል ኃላፊ ያስፈልገዋል። ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጦ በቀን ሰላሳ ታካሚ የሚያይ ሐኪም፣ ምንም ቢቀደስ፣ 25 ሆስፒታል አያንቀሳቅስም።

ኢምፒ የተባለውን ሌላውን ጥናቱን ደግሞ ዘለልከው። የልብ ከረጢት ቲቢ ላይ ነው። እኛ ሀገር ይሄን በሽታ ያላየ የውስጥ ደዌ ሐኪም የለም። ከቲቢው መድኃኒት ጋር ፕሬድኒሶሎን (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) እንጨምር ወይስ አንጨምር የሚለውን ለዓመታት እንደየአስተማሪያችን ልማድ ነበር የምንሠራው። እኔ የተማርኩት "ጨምር" ተብዬ ነው፤ ጓደኛዬ ሌላ ቦታ "ተው" ተብሎ ነው። ማዮሲና ባልደረቦቹ በ8 የአፍሪካ ሀገሮች፣ በ19 ሆስፒታሎች 1400 ታማሚዎችን ይዘው ጠየቁት። ውጤቱ በ2014 ወጣ። መድኃኒቱ ሞትን፣ ልብን የሚያፍነውን የውሃ መጠራቀምና የከረጢቱን መጣበቅ አንድ ላይ ሲደመሩ አልቀነሰም። መጣበቁን ለብቻው ስናይ ቀንሷል። ኤችአይቪ ባለባቸው ላይ ግን ካንሰር ጨመረ። ይሄ ለአፍሪካ ሐኪም የሚረባ ዕውቀት ነው፤ ሌላ አህጉር ተቀምጦ ማንም አይሠራልንም።

ሌላም አለ። በ10 ዓመት 1000 የጤና ፒኤችዲ ምሩቃንን እናፍራ ብሎ የተነሳው እሱ ነው። ይሄን የሚያስብ ሰው ወንበር ይጠላል? የሚጠሉት ጎበዞች ወንበሩን ለሚወዱት ሰነፎች ይተዉታል። ከዚያ በየሻይ ቤቱ ስለ አስተዳደር ስናማርር እንውላለን።

የአዳማው_ጠቅላላ

ከአዳማ ነኝ፣ ጠቅላላ ሐኪም። ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ነገር ግን ሌላ መንገድም እንዳለ አይርሱ። እኛው ሀገር ዶ/ር በላይ አበጋዝን ይመልከቱ። የሕፃናት የልብ ሐኪም ናቸው። በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃን መሠረቱ። ከሕዝብና ከበጎ አድራጊ ተለምኖ ጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው በ2009 ነው። ሃያ ዓመት! ሰውየው ስማቸው የሚነሳው በዲንነት አይደለም፤ በሩማቲክ የልብ በሽታ ቫልቩ የተበላሸ ልጅ ሀገሩ ላይ እንዲታከም በማድረጋቸው ነው።

በነገራችን ላይ ታቦር፣ ያነሳኸው ሥራ አዲስ አበባም ገብቷል። በ2015 የአፍሪካ ኅብረት ያሰናዳው ስብሰባ ላይ በሽታውን ከአፍሪካ ለማጥፋት ሰባት እርምጃዎች ተለይተው ወጡ። የአዲስ አበባው መግለጫ ይባላል። ማዮሲ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነው። በሜይ 2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ በሽታ ላይ ውሳኔ አሳለፈ። እሱ ያረፈው ከዚያ ሁለት ወር በኋላ ነው። ይሄን ሳስብ ያናድደኛል።

ሲስተር_ዘ

እናንተ ዲን ምናምን ትላላችሁ። እኔ መርፌ ክፍል ነው የምውለው። ሬሜዲ ውስጥ እኔን የነካኝ ሌላ ቁጥር ነው። በሽታው ተገኝቶባቸው መከላከያ ፔኒሲሊን የሚወስዱት ወደ 55 በመቶው ብቻ ነበሩ። ግማሹ ማለት ነው! መድኃኒቱ ደግሞ ውድ አይደለም። ቤንዛቲን የሚባለው የፔኒሲሊን መርፌ ነው፣ በየሦስት ወይ በየአራት ሳምንቱ።

ለምን አይወስዱም? አንደኛ ያማል። በጣም ያማል። የተወጋ ልጅ ቀኑን ሙሉ ያነክሳል። ሁለተኛ መንገዱ። ከገጠር በሚኒባስ መጥታ፣ ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዛ፣ ተሰልፋ፣ "ዛሬ የለም፣ ነገ ነይ" የተባለች እናት ድጋሚ የምትመጣ ይመስላችኋል? ሦስተኛው እኛ ነን። ባለሙያው ይፈራል። "ፔኒሲሊን ገደላት" የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ በዚያ ጤና ጣቢያ ማንም መርፌ አይነሳም። በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ያወጣውን ምክር ያነበባችሁ ታውቃላችሁ፤ ከመርፌው በኋላ ከሞቱት ከፊሉ አለርጂ ሳይሆን ልባቸው ቀድሞ ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች መሆናቸውን ያሳያል። ድንጋጤው፣ ሕመሙ፣ የደም ግፊት መውደቁ ነው። ለእነሱ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ይሻላል ይላል። ለሌሎቹ ግን መርፌው ይቀጥላል። እኔ ሁሌ አስተኝቼ፣ ውሃ አጠጥቼ፣ ቀስ ብዬ ነው የምወጋው። ባዶ ሆድ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ቂጣም ቢሆን ይብላ።

ሌላም ልጨምር፣ ወንዶቹ ስለማትጠይቁ። በዚያው ጥናት ለመውለድ በደረሱት ሴቶች ላይ የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትጠቀመው 3.6 በመቶ ናት። ቫልቩ የጠበበባት ሴት ስታረግዝ ልቧ ምን እንደሚሸከም ለሬዚደንት አልነግርም። ታዲያ ራውንድ ላይ "ማርገዝ አስበሻል ወይ?" ብሎ የሚጠይቃት ስንት ነው? ኢኮውን (የልብ ምስል ምርመራውን) ታነባላችሁ፣ ሴትየዋን ግን አትጠይቋትም።

የታቦር_ሬዚደንት

ሲስተር፣ እጅ ወደ ላይ። የመጨረሻውን ነገ ራውንድ ላይ አነሳዋለሁ። ማን እንደነገረኝም እናገራለሁ።

ጋሼ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። ኢምፒን ማንሳትዎ ጥሩ ነው፤ ክርክሬን ግን ይበልጥ የሚያጠብብልኝ እንጂ የሚያፈርሰው አልመሰለኝም። ቀኖቹን ይመልከቱ። ሬሜዲም ኢምፒም የተሠሩት የዲፓርትመንት ኃላፊ ሳለ ነው። አሥር ዓመት መራ። እነዚያ አሥር ዓመታት ፍሬ አፍርተዋል። ምክንያቱም የሚመራቸው ሰዎች እሱ የሚሠራውን የሚሠሩ ናቸው። ሬዚደንቱ የሱን ቋንቋ ይናገራል፣ ታካሚው የሱ ታካሚ ነው፣ በጀቱ ቢያንስም የት እንደሚሄድ ያውቃል።

ዲንነቱ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። እዚያ ላይ የሚመጣበት ነገር ሁሉ ሌላ ነው። ክፍያ፣ ማደሪያ፣ ፈተና ይተላለፍ አይተላለፍ፣ ፖለቲካ። የልብ ሐኪም መሆኑ በየትኛው ይረዳዋል? ስለዚህ ወንበር ሁሉ ይቅርበት አልልም። ዲፓርትመንቱን፣ የምርምር ማዕከሉን ይምራ። ከዚያ በላይ ያለውን ግን አስተዳደር የሚችል ሰው ይያዘው። ያ ሰው ፕሮፌሰር ባይሆንስ ምን ይሆናል?

ጡረተኛው_መምህር

አሁን ተቀራረብን። ግን አልተስማማንም።

አስተዳደር የሚችል፣ ሕክምና የማያውቅ ዲን ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ግን የኢኮ ማሽን ተበላሽቶ ወራት ሲቀመጥ "ሌላ ማሽን አለ አይደል?" ነው ያለው። ያለው ሌላ ማሽን አልትራሳውንድ ነበር፣ ለእርጉዝ የሚሆነው። ለእሱ ሁለቱም ስክሪን ናቸው። ጨረታው ላይም የሚከራከርልን አጣን። ከዚህ ሁሉ ልብ የሚያውቅ ዲን ይሻለኛል።

በማዮሲ ጉዳይ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አጣሪ ቡድን አቋቁሞ ሪፖርቱ በ2020 ወጥቷል። ሥራውን የተረከበበትን ሁኔታ፣ ጫናውን፣ ያገኘውን ድጋፍ ሁሉ መርምሯል። ልልቀቅ ብሎ እንደነበረም ይታወቃል። እኔ ከዚያ የምወስደው "ሐኪም ዲን አይሁን" የሚለውን አይደለም። "ልልቀቅ" ያለን ሰው ልቀቁት። እኛ ሀገር ጎበዝ ሰው ልልቀቅ ሲል ልመና ይጀመራል። ሽማግሌ ይላካል። "አንተ ከሄድክ ማን አለን?" ይባላል። ያኮራል፣ ግን እስር ነው።

ጥቁር መሆኑንም አትርሳ። በዚያ ተቋም ታሪክ ውስጥ እሱ እንደ አንድ ሰው ብቻ አይታይም። ቢያቃተው "አየህ፣ እነሱ አይችሉም" ይባላል። ይሄ ሸክም ከበጀትና ከተማሪ በላይ ይከብዳል ብዬ እገምታለሁ። ለእኛ ሀገር ሐኪም ይሄ በዚያ መልኩ የለም። ስለዚህ ታሪኩን እንዳለ ገልብጠን ሐዋሳ ላይ አንለጥፈው።

የአዳማው_ጠቅላላ

"ልልቀቅ ያለን ልቀቁት" የሚለው ላይ መቶ በመቶ ከጋሼ ጋር ነኝ።

እኔ የማነሳው ሌላ ነው። ሰውየው ካለፈ በኋላ ሥራው አልቆመም። በ2021 ኡጋንዳ ውስጥ የተሠራ ጥናት ወጣ። ገና ምልክት ያላሳዩ፣ ኢኮ ላይ ብቻ የተገኘባቸው 818 ልጆች ናቸው። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ተወጉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲታይ፣ ካልተወጉት 8.2 በመቶው ላይ በሽታው ብሷል። ከተወጉት ግን 0.8 በመቶ ላይ ብቻ። ሲስተር የምትይዘው ያቺ መርፌ ናት ይህን የሠራችው።

እኛ ጋ ደግሞ በተለያዩ የሀገሪቱ ቦታዎች ተማሪዎች በኢኮ ሲታዩ ከ1000 ወደ 19 ልጆች ላይ ተገኝቷል። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ስንት ልጅ እንደሆነ አስሉት። ማንም ሳያውቅ ኳስ የሚጫወቱ ናቸው። ታዲያ የሕክምና ትምህርት ቤት ዲን ብሆን የመጀመሪያ ሥራዬ ይሄ ነው። ኢንተርኖቹን ተንቀሳቃሽ ኢኮ አስይዤ ትምህርት ቤት እልካለሁ። ይሄን ማዘዝ የሚችለው ዲን እንጂ የዲፓርትመንት ኃላፊ አይደለም፣ ታቦር።

የታቦር_ሬዚደንት

ማዘዙን ያዝ። ያገኛቸውን ልጆች ማን ይወጋል? መርፌው የት አለ? የሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ ቤንዛቲን ሲጠፋ ካርዱ ላይ "ተመክሯል" ብለን እየጻፍን እንልክ ነበር። መርምሮ መርፌ ማጣት ልጁን በሽተኛ ብሎ ሰይሞ መላክ ነው።

የአዳማው_ጠቅላላ

ትክክል። ለዚያም ነው ከጤና ቢሮ ጋር የሚነጋገር ወፍራም አንገት ያለው ዲን የምፈልገው። 😄

ኢንተርን_ነኝ

ከዳር ሆኜ ሳነብ ነበር። ስለ ድባቴው ማንም አላወራም። ሁላችሁም ስለ ወንበሩ ነው። እኛ ሰፈር ሐኪም ሰው ደክሞኛል ሲል "ገና ምን አይተህ" ነው መልሱ። ዲዩቲ ላይ ያለቀሰ ኢንተርን ለወር መሳቂያ ይሆናል። አንድ የልብ ፕሮፌሰር ሁለት ዓመት ሲታመም አጠገቡ ያሉት ሁሉ ሐኪሞች ነበሩ።

ጡረተኛው_መምህር

ልክ ብለሃል ልጄ። "ገና ምን አይተህ" ከሚሉት አንዱ ነበርኩ፤ አስተማሪዎቼም እንደዚያ ነበር ያሉኝ። በግል መልእክት ጻፍልኝ፣ ስልኬን እሰጥሃለሁ።

አወያይ

ክሩ ክፍት ነው፣ ቀጥሉ። ኢንተርን ያነሳውን በሚመለከት፣ እንዲህ ያለ ስሜት ላይ ያለ ሰው ካለ ለሚያምነው ሰው ይንገር፣ ሐኪምም ዘንድ ይቅረብ። ይሄ ላይ ቀልድ የጻፈ አስተያየቱ ይነሳል።

እናት_ሞኖፖል

ልጆቼ፣ ያወራችሁት ብዙው አልገባኝም። የገባኝ ግን አለ። ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ ይሄው በሽታ አለባት ተብላ መርፌውን ትወጋለች። ትንሽ ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ሲያማት እንጥል አስቆርጪ ያሉኝ ነበሩ፣ እግዜር ይስጠው ባለቤቴ እምቢ አለ። አሁን ደህና ናት፣ ትሮጣለች። "ድኛለሁ፣ ከእንግዲህ አልወጋም" ብላ አስቸግራኛለች። እስከ መቼ ነው የምትወጋው?

የታቦር_ሬዚደንት

እናቴ፣ የልጅዎን ኢኮ ሳላይ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጥም። በጥቅሉ ግን እንዲህ ነው። ልቧ ተነክቶ ቫልቩ ላይ ጠባሳ ካልቀረ ቢያንስ 10 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላት፣ ከሁለቱ የሚረዝመው። ቫልቩ ላይ የቀረ ጉዳት ካለ ደግሞ 10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመቷ፣ አሁንም ከሁለቱ የሚረዝመው። መሮጧ ጥሩ ነው፣ ግን መርፌውን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። የምትሮጠው መርፌው በሽታው እንዳይመለስ ስላደረገላትም ሊሆን ይችላል። የኢኮውን ወረቀት ይዘው ክትትል ያለችበት ሐኪም ጋ ይሂዱና እሱ ይወስን።

ሲስተር_ዘ

እናቴ፣ ልጅቷን እኔ ላናግራት። 14 ዓመት ላይ እናት አይሰማም፣ ነርስ ግን ይሰማል። የምትወጋው የት ነው? ቀኗ መቼ ነው?

እናት_ሞኖፖል

እዚሁ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነው። የፊታችን ሐሙስ ነው ቀኗ። አልሄድም እያለች ነው።

ሲስተር_ዘ

ሐሙስ ጠዋት ዲዩቲ ወጪ ነኝ። ቁጥርዎን በውስጥ ይላኩልኝ፣ እደውልላታለሁ። ቁርስ ሳትበላ ግን እንዳትመጣ።